ከረጅም ኦፕራሲዮን በኋላ ሽንቱ የጠቆረ ታካሚ፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ በጣም ወፍራም ሰው ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ከ4 ወይም ከ5 ሰዓት በላይ ቆይቷል። በነጋታው የሚያመው ቁስሉ ሳይሆን መቀመጫው ወይም ወገቡ ነው። ሽንቱ ጠንክሮ የፈላ ሻይ ይመስላል። በወገብ የሚሰጥ የሕመም ማስታገሻ ካለው ሕመሙ ላይሰማው ይችላል፤ ሽንቱን እዩ።

ምክንያት፦ የገዛ ክብደቱ ከሥሩ ያለውን ጡንቻ ሲጫነው ደም አይደርሰውም። የሞተው ጡንቻ ማዮግሎቢን (የጡንቻ ፕሮቲን) እና ፖታሺየም ይለቃል፤ ይህ ራብዶማዮላይሲስ ይባላል። ማዮግሎቢኑ ኩላሊት ይጎዳል፣ ፖታሺየሙ ልብ ያቆማል።

ደጋግሜ የማየው ስህተት ይኸውላችሁ። መሃል ከተማ፣ አንድ የግል ሆስፒታል፣ 130 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ 6 ሰዓት የፈጀ የሄርኒያ ኦፕራሲዮን። ሌሊት “መቀመጫዬን” ሲል ዲክሎፌናክ ተወጋ። የት? እዚያው መቀመጫው ላይ! የሚሞተው ጡንቻ ላይ፣ ኩላሊት የሚጎዳ መድኃኒት። ጠዋት ሽንቱ ሲጠቁር አንዱ “ቀይ ሥር በልቶ ይሆናል” አለ፤ ሰውየው ከትናንት ወዲያ ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ዲፕስቲኩ (ሽንት ውስጥ የሚነከረው መመርመሪያ) “ደም +++” አለ፤ በማይክሮስኮፕ ግን ቀይ የደም ሴል የለም ማለት ይቻላል። ዲፕስቲክ ደምና ማዮግሎቢን አይለይም! ሲኬ (የጡንቻ ጉዳትን የሚያሳይ የደም ምርመራ) እዚያ ስለማይሠራ ወንድሙ ናሙናውን በጓንት ጠቅልሎ ለገሃር ድረስ በታክሲ ወሰደው። ውጤቱ ማታ መጣ፤ 18 ሺህ።

መፍትሄ፦ ውጤት አትጠብቁ። ኖርማል ሳላይን ጀምሩ፣ ሽንቱ በሰዓት ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ይድረስ፤ ልቡ ደካማ ከሆነ ሳንባውን እያዳመጣችሁ። ፈሳሽ ሳይሞላ ላሲክስ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት) አትስጡ። ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን፣ በጭራሽ! ኢሲጂ አንሱ፤ ቲ ሞገዱ ከሾለ ፖታሺየሙ በዝቷል፤ መጀመሪያ ካልሲየም ግሉኮኔት፣ ቀጥሎ ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር። ሲኬ ከ1000 ካለፈ ነገሩ ይኸው ነው፣ ከ5000 ካለፈ ለኩላሊቱ ስጉ። የመጀመሪያው ዝቅ ቢል አትዘናጉ፤ ጣሪያው ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ነው፣ ድገሙት። ሽንት እምቢ ካለ ዲያሊሲስ።

መቀመጫው እንደ ድንጋይ ከጠጠረና እግሩ ከደነዘዘ ቀዶ ሐኪሙን አሁኑኑ ጥሩ። ገና ጠረጴዛው ላይ ሳለ ትኩሳቱ ከናረና ሰውነቱ ከገተረ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ (ማደንዘዣ ጋዝ የሚያስነሳው አደገኛ ትኩሳት) ሊሆን ይችላል፤ የማደንዘዣ ጋዙን ዝጉ።

ያንን የኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ኋላ ሄጄ አየሁት። ፍራሹ በፕላስተር ተጠጋግኗል፤ በጣቴ ስጫነው ብረቱ ይነካኛል። በላዩ አንሶላ አጥፈው አንጥፈዋል። “ሲስተር፣ ይሄ እኮ ስፖንጁ አልቋል” ብላቸው “ተጠይቋል” አሉኝ።