ልብ አንጠልጣይ መግቢያ ሲላላ፦ የተማሪ ፊልም የመጀመሪያ 2 ደቂቃ ምርመራ

በደሴ ከአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብ ጋር ስሠራ፣ ተማሪዎች በስልካቸው ቀርጸው የሚያመጧቸውን የልብ አንጠልጣይ ፊልም መግቢያዎች አይቶ አስተያየት መስጠት የእኔ ድርሻ ነው። የሚሰጣቸው ሥራ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሲሆን፣ ርዕሱና የባለሙያዎቹ ስም ጭምር የሚታይበት፣ ከ2 ደቂቃ የማይበልጥ የመክፈቻ ትዕይንት ማቅረብ ይጠበቅባቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሥራው ከታየ በኋላ የሚሰጠው አስተያየት «አሪፍ ነው» ወይም «አያስፈራም» ከማለት አያልፍም፤ እንዲህ ያለ አስተያየት ደግሞ ተማሪው የትኛውን ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ የቀረጸውን ቁራጭ) አውጥቶ የትኛውን ማስገባት እንዳለበት አይነግረውም። በዚህ ጽሑፍ በተደጋጋሚ ያጋጠሙኝን ችግሮች ተመልካቹ ከሚያየው ምልክት ተነሥቼ እስከ መፍትሄያቸው አስረዳለሁ።

አስቀድሞ ፊልሙ እንዴት እንደሚታይ ጥቂት ልበል። ስክሪፕቱን ያላነበቡ ሦስት ሰዎች ይመረጡና ፊልሙ በ30ኛው፣ በ60ኛውና በ90ኛው ሰከንድ ላይ እየቆመ፣ «አሁን ምን ይመጣል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ?» እና «ለማን ሠጋችሁ?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ይቅረቡላቸው። መልሱን እያንዳንዳቸው በወረቀት ቢጽፉት ይመረጣል፤ በቃል ከሆነ የመጀመሪያው ተናጋሪ የሌሎቹን ሐሳብ ይዞት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ፊልሙ አንድ ጊዜ ያለ ድምፅ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ጀርባን ለስክሪኑ ሰጥቶ በድምፅ ብቻ ይደመጥ። ከዚህ በታች ያሉት ምልክቶች ሁሉ የተገኙት በዚህ መንገድ ነው።

ተመልካቹ አንዴ ይደነግጣል፣ የሚጠብቀው ነገር ግን የለም

ይህ ከሁሉም በላይ የሚደጋገም ችግር ስለሆነ ሰፋ አድርጌ አየዋለሁ። ምልክቱ በ30ኛው ሰከንድ ላይ በሚጻፈው መልስ ይታወቃል፤ ሦስቱም ተመልካቾች «አንድ ሰው እየሄደ ነው» ብለው ይጽፋሉ። ባለ ኮፍያ ሹራብ የለበሰ ሰው ለ40 ሰከንድ ያህል ይራመዳል፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ በር በድንገት ይበረገዳል፣ ስክሪኑም ይጨልማል። ተመልካቹ በበሩ ድምፅ ይደነግጣል፤ ድንጋጤው ግን ከሦስት ሰከንድ በኋላ ይረሳል።

ተማሪዎቹ ጥፋቱን የሚያሳብቡት በትወናው ወይም በካሜራው ጥራት ነው። እኔ ግን ምክንያቱ የመረጃ አሰጣጥ ነው ብዬ አምናለሁ። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ልብ ሰቀላንና ንግርን (ወደፊት የሚሆነውን አስቀድሞ መጠቆምን) ከአጭር ልቦለድ ጋር አያይዘው ተምረዋል፤ ካሜራ ሲይዙ ግን እነዚህ ነገሮች የወረቀት ብቻ ይመስሏቸዋል። ተመልካች ልቡ የሚሰቀለው ገጸ ባሕርይዋ የማታውቀውን አደጋ እሱ አስቀድሞ ሲያውቅ ወይም አንድ ነገር እንደተደበቀበት በግልጽ ሲረዳ ነው። እንግሊዛዊው ዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1962 ከፍራንስዋ ትሩፎ ጋር ባደረገው ቃለ ምልልስ ይህንኑ ከጠረጴዛ ሥር በተቀመጠ ቦምብ አስረድቶታል። ቦምቡ ሳይታወቅ ቢፈነዳ ተመልካቹ የሚያገኘው የ15 ሰከንድ ድንጋጤ ነው፤ ቦምቡን አስቀድሞ ካየው ግን ተራ ወሬ የሚያወሩትን ሰዎች 15 ደቂቃ ሙሉ በጭንቀት ይከታተላል።

መፍትሄው በአንድ ቡድን ሥራ ላይ እንዴት እንደተተገበረ ላሳይ። በመጀመሪያው ቅጂ፣ ብቻዋን የምትኖር ወጣት ከሥራ ተመልሳ መብራት ስታበራ ከመጋረጃ ጀርባ ሰው ይወጣባታል። በሁለተኛው ቅጂ ካሜራው ከእሷ ቀድሞ ቤቱ ውስጥ ይገኛል። ረከቦቱ በቅርበት ይታያል፤ አምስት ሲኒዎች ታጥበው ተደፍተዋል፣ ስድስተኛው ግን ቀና ብሎ ተቀምጧል፣ ቡናው እስከ ግማሽ ተጠጥቷል፣ ከላዩም ቀጭን እንፋሎት ይወጣል። ከዚያ ጓጉንቸር ሲከፈት ከውጭ ይሰማል። ልጅቷ ትገባለች፣ ጫማዋን ታወልቃለች፣ ጀርባዋን ለረከቦቱ ሰጥታ ለእናቷ ስልክ ትደውልና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ታወራለች። ለ45 ሰከንድ ምንም የሚሆን ነገር የለም፤ ይሁንና ከተመልካቾቹ አንዷ «ዙሪ እንጂ!» ብላ ስክሪኑን ስትቆጣ ሰምቻለሁ። ሰውየውን ማሳየት እንኳን አላስፈለገም።

የዚህ ሾት አሠራር ራሱን የቻለ ትምህርት ነበረው። እንፋሎት የሚታየው ብርሃን ከበስተ ጀርባው መጥቶ ከኋላው ያለው ግድግዳ ሲጨልም ስለሆነ፣ ልጆቹ አምፖሉን ከረከቦቱ ኋላ ዝቅ አድርገው አስቀመጡት። የደሴ ብርድም ረዳቸው፤ አየሩ በቀዘቀዘ ቁጥር እንፋሎቱ ይደምቃል። ሲኒ ግን ትንሽ ናትና ቶሎ ትቀዘቅዛለች፤ ስለዚህ ካሜራው፣ ትኩረቱና ብርሃኑ ሁሉ በባዶ ሲኒ ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ ነበር የፈላው ቡና የተቀዳው።

«አስፈሪ ፊልም ነው አይደል?» የሚል አስተያየት ይመጣል

ይህ አስተያየት ሲመጣ የዘውጉ ድንበር ተደበላልቋል ማለት ነው። በልብ አንጠልጣይ ፊልም ሥጋቱ የሚመነጨው በአመዛኙ ከሰው ዕቅድ ነው፤ የሚፈለግ ምስጢር፣ እያለቀ ያለ ጊዜ ወይም ማንነቱ ያልታወቀ አሳዳጅ ይኖራል፣ ተመልካቹም ነገሩን ለመፍታት ይሞክራል። አስፈሪ ፊልም ግን ከተፈጥሮ ውጭ በሆነ ኃይል ወይም በሰው አካል ላይ በሚደርስ ሰቆቃ ፍርሃትን ራሱን ያነግሣል። ተማሪዎች የሁለቱን ምልክቶች በአንድ ላይ ይቆልላሉ፤ ጥቁር ጓንት፣ ቢላዋ፣ የሚያለቅስ ሕፃን፣ በደም የተጻፈ ርዕስ፣ ሁሉም በ2 ደቂቃ ውስጥ ይገባል።

ለዚህ መነሻው የምዘናችን አሠራር ጭምር ይመስለኛል። የዘውጉ ልማዶች ስንት እንደሆኑ እየቆጠርን ነጥብ ስንሰጥ ተማሪውም ቁጥር ያበዛል። እኔ አሁን የምጠይቀው ያ ልማድ በትዕይንቱ ውስጥ ምን ሥራ እንደሚሠራ ነው። ጓንት የጣት አሻራ እንዳይቀር የሚደረግ ነገር ስለሆነ፣ ባለ ጓንቱ የሚነካው ዕቃ መታየት አለበት፤ ምንም የማይነካ ከሆነ ጓንቱ ልብስ ብቻ ነው። ሰዓት በቅርበት ከታየ በዚያ ሰዓት ሊሆን የታሰበ ነገር ይኑር። እያንዳንዱን ልማድ ከቅንብሩ አውጥቶ ማየትና በመውጣቱ የሚጎድል ትርጉም ከሌለ መልሶ አለማስገባት ጥሩ መፈተኛ ነው። ልማድን አውቆ መጣስም ይቻላል። በሰኞ ገበያ ግርግር መካከል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንዲት እናት የምትሸምተውን ሁሉ ከኋላዋ ሆኖ አንድ በአንድ የሚገዛ ሰው ከማንኛውም ጨለማ ኮሪደር ይልቅ ሊያሠጋ ይችላል።

ጨለማው ጨለማ ሳይሆን አሸዋ ይመስላል

ምስሉ ውስጥ የሚርመሰመሱ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ ወይም ገጸ ባሕርይዋ ወደ መስኮት ስትጠጋ ምስሉ በራሱ ጊዜ ይበራል፣ ይጨልማል። ይህ የሚሆነው የስልክ ካሜራ ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ትንሽ በመሆኑና ብርሃን ሲያንሰው አይኤስኦውን፣ ማለትም ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት፣ በራሱ ስለሚጨምር ነው። በፊልም ላይ ጨለማ የሚታየው አጠገቡ ብርሃን ሲኖር ነውና አንድ አምፖል ከገጸ ባሕርይዋ ጎን አስቀምጦ የፊቷን ግማሽ ብቻ ማብራት፣ ስክሪኑን ተጭኖ በመያዝ ትኩረቱንና ብርሃኑን መቆለፍ፣ ከዚያም ብርሃኑን ትንሽ ወደ ታች መቀነስ ይገባል። አይኤስኦን በእጅ ማስተካከል የሚቻል ከሆነ ከ800 ባያልፍ ይመረጣል።

ውጭ ለሚቀረጽ የሌሊት ትዕይንት ደግሞ ሌሊቱን መጠበቅ አያስፈልግም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሳለ ከተቀረጸ፣ የቤቶቹና የባጃጆቹ መብራትም በርቶ ከታየ፣ ኋይት ባላንሱንም (የካሜራውን የብርሃን ቀለም ማስተካከያ) ወደ 3,500 ኬልቪን አካባቢ በማውረድ ምሽት ማስመሰል ይቻላል። ሆኖም እኛ ያለንበት ቦታ ለምድር ወገብ የቀረበ ስለሆነ ድንግዝግዙ ከ20 ደቂቃ ብዙም አይዘልም፤ የጦሳ ተራራም ፀሐይዋን ቀድሞ ስለሚጋርዳት ብዙዎች ጊዜ ያለ እየመሰላቸው ይዘናጋሉ። ልምምዱ ሁሉ በቀን ተጠናቆ በዚያች ሰዓት ሦስት ወይም አራት ሾት ብቻ ይያዝ።

በመብራት ሥር ጥቁር መስመሮች ይወርዳሉ

የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ኸርዝ ስለሆነ በርካታ የፍሎረሰንትና የኤልኢዲ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ስልኮች ግን ብዙ ጊዜ በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ላይ ተስተካክለው ይመጣሉ። ካሜራውን ወደ 25 ፍሬም፣ ሻተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) ወደ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ መቀየር በቂ ነው። ስልኩ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ለቀረጻው ጊዜ የድሮውን ባለ ሽቦ አምፖል መጠቀም ችግሩን ይቀንሰዋል።

ሾቱ በተቀየረ ቁጥር ድምፁ ይቆረጣል

ጀርባን ለስክሪኑ ሰጥቶ ማዳመጥ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል። አንድ ሥራ ላይ ልጅቷ በሩን ስትከፍት የመግሪብ አዛን ይሰማ ነበር፤ በሚቀጥለው ሾት ጸጥ አለ፤ በሦስተኛው ደግሞ አዛኑ ከመካከሉ ጀመረ። በምስሉ ላይ አሥር ሰከንድ ያልሞላው ነገር በጆሮ ግማሽ ሰዓት እንደፈጀ ታወቀ። በከተማችን አዛኑም፣ ቅዳሴውም፣ የባጃጅ ሞተሩም በየሾቱ ውስጥ ይገባሉ፤ በክረምት ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ንግግር አይሰማም። ተማሪዎቹ ይህን ለመሸፈን ሙዚቃ ይጭኑበታል፣ ሙዚቃውም ሁሉንም ስለሚውጠው ትዕይንቱ እስትንፋስ ያጣል።

ምክንያቱ የንግግሩም፣ የአካባቢውም፣ የእንቅስቃሴውም ድምፅ ከሩቅ በቆመው በዚያው ስልክ አንድ ላይ መቀረጹ ነው። ሁለተኛ ስልክ ተፈልጎ ከተናጋሪዋ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት፣ ካሜራው ከሚያየው ክልል ውጭ ወይም ልብሷ ውስጥ ይቀመጥ፤ ቀረጻው ሲጀመር እጅ ይጨብጨብ፣ ጭብጨባው በቅንብር ጊዜ ሁለቱን ድምፆች ለማጋጠም ያገለግላል። አዛን ወይም ቅዳሴ ሲሰማ ቀረጻውን ማቆም ለሥራውም ለአክብሮቱም ይበጃል። ከመውጣት በፊት ሁሉም ዝም ብሎ የክፍሉ ድምፅ ለ30 ሰከንድ ይቀረጽና በሁሉም ሾቶች ሥር ይዘርጋ፤ መቆራረጡን የሚያያይዘው ይህ ነው። የጓጉንቸሩ፣ የጫማውና የስኒው ድምፅ ደግሞ በኋላ ለየብቻቸው ከቅርብ ይቀረጹ። ሙዚቃው ከዚህ ሁሉ በኋላ ይግባ፤ በእርግጥ የሚያስፈልገው ሆኖ ከተገኘ።

ጉሙ በአንዱ ሾት አለ፣ በሌላው የለም

የደሴ ጉም ለዚህ ዘውግ ያለ ክፍያ የተሰጠ ጸጋ ነው፤ በተለይ የባጃጅ መብራት ከኋላው ሲበራበት አንድን ተራ መንገደኛ ወደ ጥላ ይለውጠዋል። ነገር ግን ሳይታሰብ ይገፈፋል። ሰፊዎቹ ሾቶች ጉሙ ሳለ በቅድሚያ ይቀረጹ፤ የፊትና የእጅ ሾቶች ከበስተ ጀርባቸው ብዙ ስለማይታይ በኋላ ቢያዙም አያጋልጡም። ቀሪውን ኮምቦልቻ ወርዶ ለመጨረስ መሞከር ግን አያዋጣም፤ ከሐረጎ በታች ከፍታው ከ500 ሜትር በላይ ስለሚቀንስ ብርሃኑም አለባበሱም ሌላ ነው፣ ወፍራም ጃኬት የለበሰች ልጅ በኮምቦልቻ ፀሐይ ስታልብ ካሜራው ይናገራል።

አሳዳጁና ተሳዳጇ የሚጋጠሙ ይመስላሉ

እሷ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እሱ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሮጥ ከታየ ተመልካቹ ሊጋጩ ነው ብሎ ያስባል። ካሜራው በመካከላቸው ያለውን የሐሳብ መስመር ተሻግሮ ከማዶ ቀርጿል ማለት ነው። ከቀረጻው በፊት የሩጫው መንገድ በወረቀት ተሥሎ ካሜራው የሚቆምበት አንድ ወገን ይመረጥ። በስሕተት የተቀረጸ ካለ፣ ፊት ለፊት የሚመጣ አንድ ሾት በመካከሉ ማስገባት ያስታርቀዋል፤ ምስሉን መገልበጥም አለ፣ በግድግዳ ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ግን አብሮ ይገለበጣል።

ተኩሱ ሲሰማ አዳራሹ ጸጥ ይላል

ይህን ጸጥታ ተማሪዎች የስኬት ምልክት አድርገው ይወስዱታል፤ እኔ አልወስደውም። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ደሴንም ኮምቦልቻንም ያዳረሰ በመሆኑ፣ ከተመልካቾቻችን ብዙዎቹ የጥይትን ድምፅ ያወቁት በስክሪን አይደለም። የሚሰማቸው ነገር ከፊልሙ ሳይሆን ከራሳቸው ትዝታ የመጣ ስለሆነ ታሪኩን ትተውት ይሄዳሉ። በ2 ደቂቃ መግቢያ ውስጥ መሣሪያ የሚሠራውን ሥራ ባዶ ወንበር ወይም ያልተነሣ ስልክ ሊሠራው ይችላል። መሣሪያ የሚመስል ነገር ይዞ መንገድ ላይ መቅረጽ ደግሞ ለልጆቹም አደገኛ ነው፤ ታሪኩ የግድ ካለ ቀረጻው በቤት ውስጥ፣ ጎረቤትና ቀበሌ አስቀድመው አውቀውት ይሁን።

ርዕሱ በሳጥን ወይም በላቲን ፊደል ይመጣል

ደም የሚያንጠባጥቡት የተዘጋጁ የጽሑፍ ቅርጾች የግዕዝ ፊደል ስለሌላቸው አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል፤ ተማሪዎቹም ተስፋ ቆርጠው የአማርኛውን ርዕስ በላቲን ፊደል ይጽፉታል። ኒያላ፣ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ችግር ይሠራሉ፤ የቅንብር መተግበሪያው ፎንት መጫን የማይፈቅድ ከሆነ ጽሑፉ በሌላ ቦታ በምስል መልክ ተዘጋጅቶ ይለጠፍ። እያንዳንዱ ስም ሁለት ጊዜ ቀስ ብሎ ለመነበብ የሚበቃ ጊዜ ይቆይ። የሚቀመጥበት ቦታም ይታሰብበት፤ በሲኒዋ ሾት ላይ የዳይሬክተሯ ስም መጀመሪያ ከእንፋሎቱ ላይ ተጽፎ ነበር፣ ወደ ግራው ጨለማ ጥግ ሲዛወር ግን ዓይን ስሙን አንብቦ ተመልሶ ሲኒዋ ላይ አረፈ።