ታይ ቺ በደሴ ሜዳ፤ ቴኳንዶ ለተወ ሰው

ቀበቶውን ሳጥን ውስጥ ከትቶ የረሳ የቴኳንዶ ልጅ፣ በዝግታ የሚሠራውን የቻይና ማርሻል አርት ታይ ቺን ሲያይ "የሽማግሌ ነገር" ብሎ ያልፈዋል። ሙሉ ስሙ ግን ታይ ቺ ቹዋን ነው፤ ቹዋን ቡጢ ማለት ነው። በዚያ ዝግታ ውስጥ መከላከልም መምታትም አለ።

ለጀማሪ የሚሻለው በ1956 እ.ኤ.አ. ቻይና ውስጥ ያንግ ከሚባለው የታይ ቺ ስልት አጥሮ የተዘጋጀው ባለ 24 እንቅስቃሴው ልምምድ ነው። ሲሠሩት ከ5 እስከ 6 ደቂቃ ይፈጃል፤ መልመዱ ግን ወራት ይወስዳል።

ደሴ ተዳፋት ናትና ቦታ ማግኘቱ ግማሽ ሥራ ነው። ወደ ጎን 5 ሜትር ያህል የሚያስኬድ፣ ጠጠር የሌለበት ደልዳላ መሬት ይበቃል። ክረምት ላይ ዋልካ ይሽሹ፤ ጭቃው ጫማውን ይዞ ሲያስቀር ሰውነት ብቻውን ይዞራል፣ መጠምዘዙም ጉልበት ላይ ያርፋል። ጤዛ ያዘለ ሣር ደግሞ ያንሸራትታል። ሶሉ ስስ የሆነ ሸራ ጫማ ከወፍራም ስኒከር ይሻላል።

2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ብርዱ ትከሻን ወደ ጆሮ ይሰበስባል። እስክስታ ላይ እንደ ልብ የሚፈታው ትከሻ እዚህ ድንጋይ ይሆናል። 10 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ፤ ላብ ላብ ሲልዎት ጋቢውን ያስቀምጡ።

ከዚያ እጅን ለጊዜው ይርሱትና አረማመዱን ብቻ ይሥሩ። እግርዎን በትከሻ ስፋት ከፍተው፣ ጉልበትዎን ጥቂት አጠፍ አድርገው ይቁሙ። ክብደትዎን በሙሉ ቀኝ እግርዎ ላይ ይጫኑ። ግራውን ወደፊት ልከው ተረከዙን ብቻ መሬት ያስነኩ። አሁን ሰውነትዎ ሳይወዛወዝ ያንን እግር መልሰው ማንሳት ይችላሉ? ካልቻሉ ወድቀውበታል እንጂ አልረገጡትም፤ እርምጃውን ያሳጥሩ። ከቻሉ ጣቶቹን አሳርፈው፣ ውሃ ከእንስራ ወደ ማድጋ እንደሚገለበጥ ክብደቱን ቀስ ብለው ያዛውሩ፤ 70 በመቶ ያህሉ ፊተኛው እግር ላይ ሲደርስ ይበቃል። በየጎኑ 10 ጊዜ።

የድሮው ሥልጠና የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው። አፕ ኩቢ የሚባለውን የቴኳንዶ ረጅም የፊት አቋቋም የለመደ ሰው የኋላ እግሩን ገትሮ ይቆልፋል፤ ታይ ቺ ላይ ትንሽ እጥፋት መቅረት አለበት። ሁለቱን ተረከዝ በአንድ መስመር ማሰለፍም ያንገዳግዳል፤ ወደ ጎን ከ10 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። የፊት ጉልበት ከእግር ጣት አይለፍ፣ ወደ ውስጥም አይዘንበል። ካመመዎት ያቁሙ፤ "ይለምደዋል" የሚባል ነገር የለም።

አረማመዱ ሲሰምርልዎ የፈረስ ጋማ መለየት የሚባለውን የእጅ እንቅስቃሴ ይጨምሩ። በዝግታ 10 ጊዜ ከሠሩ በኋላ ጓደኛዎ የእጅ አንጓዎን ይያዝዎትና ይሞክሩት፦ የፊት እግርዎ ከእግሩ ጀርባ ይገባል፣ ክንድዎ በብብቱ ሥር ሽቅብ ይወጣል፣ ወገብዎ ይዞራል፤ ጓደኛዎ ወደ ኋላው ይሄዳል። ለዚህኛው እንኳ ሣር ላይ ቢሆን ይመረጣል፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ።