ከሲላንት በላይ ዋክስ ስትደርቡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፤ ለድሬዳዋ ባለመኪኖች

ድሬ ላይ የመኪና ቀለም ጠብቆ ማቆየት ቀላል ሥራ አይደለም። ፀሐዩ አለ። የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ነፋስ ሲነሳ የሚበተነው አቧራ አለ። ውኃው ደግሞ ኖራ ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያየ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሲላንት፣ ከላዩ ዋክስ መደረብ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን አሠራሩ ካልታወቀ ገንዘቡም ልፋቱም በአንድ ወር ውስጥ ታጥቦ ይሄዳል።

ሁለቱን እንለያቸው። ሲላንት ፋብሪካ የሚያመርተው ፖሊመር፣ ማለትም ሰው ሠራሽ መከላከያ ቅብ ነው። ቀለሙ ላይ ይይዛል፤ በአግባቡ ከተቀባ ለወራት ይቆያል። ዋክስ፣ በተለይ ካርናባ የሚባለው፣ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዛፍ ቅጠል የሚወጣ ሰም ነው። ቀለሙን ያደምቀዋል፣ ጥልቀት ይሰጠዋል። ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ በእኛ ሙቀት ደግሞ ይብሳል። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ሲላንቱ ነው። ዋክሱ የሚጨምረው መልክ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በአብዛኛው ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው። ዋክስ ባለበት ቀለም ላይ ሲላንት አይቀባም። ሲላንት ቀለሙን ራሱን መንካት አለበት። በመሃል ሰምና ዘይት ካለ የሚይዘው ነገር ያጣል፤ ለጥቂት ቀን ያብረቀርቅና ከሰሙ ጋር አብሮ ይሄዳል። «እኔ እኮ ዋክስ አድርጌ አላውቅም» የሚል ሰው ደግሞ መኪናው ላቫጆ በገባች ቁጥር ምን እንደሚረጭባት ይጠይቅ። ማድረቂያው ጨርቅ ላይ ያለችው የምታብረቀርቅ ነገር ራሷ ትበቃለች።

መፍትሔው በደንብ ማጠብ፣ ከዚያ ቀለሙን በተበረዘ አይሶፕሮፒል አልኮል መጥረግ ነው። አንድ እጅ 70 በመቶ አልኮል፣ ሦስት ወይም አራት እጅ ውኃ። የቧንቧ ውኃችን ነጭ ምልክት ስለሚተው ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውኃ ብትጠቀሙ ይሻላል። ስትገዙ ግን ውኃ መሆኑን አረጋግጡ፤ የባትሪ አሲድም እንደዚያው በፕላስቲክ ዕቃ ነው የሚሸጠው። አንዱን በር ጨርሳችሁ ወደ ሌላው እለፉ፤ ጨርቁንም ቶሎ ቶሎ ገልብጡ።

ሁለተኛው፣ ሻካራ ቀለም ላይ መቀባት። የታጠበ መኪና ሁሉ ንጹህ አይደለም። ቀጭን ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁና ታጥቦ የደረቀውን ኮፈን በቀስታ ዳስሱት። በባዶ እጅ ለስላሳ የመሰለው ነገር በፌስታሉ ውስጥ እንደ አሸዋ ይሰማችኋል። ከሐረር በደንገጎ ቁልቁለት ፍሬን እየያዘ የሚመላለስ መኪና ከጎማው አካባቢና ከበሩ ታችኛው ክፍል ላይ የፍሬን ብረት ብናኝ ይሰበስባል። ይህ በሳሙና አይለቅም፤ ክሌይ ባር የሚባለው፣ ከቀለም ላይ ብናኝ እየያዘ የሚያነሳ ለስላሳ ጭቃ መሰል ነገር ያስፈልገዋል። ክሌዩን ሻምፖ ባለው ውኃ እያራሳችሁ፣ ሳትጫኑ፣ ቀጥ ባለ መስመር አመላልሱት። መሬት ከወደቀ ጣሉት። ዋጋው ያሳዝናል፣ ግን የያዘው ጠጠር ቀለሙን ይቧጭረዋል።

ፀሐይ ላይ መሥራትስ? ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። የእጃችሁን ጀርባ ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። ከሞቀ አትጀምሩ። ድሬ ላይ ጥሩው ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ከዚያም ያጥራል። የከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ደስ ይላል፣ ግን ከላይ ወፍ አለ።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተት እንምጣ፤ ሲላንቱ ሳይደርቅ ዋክሱን መደረብ። «ደርቋል እኮ፣ ጠርጌዋለሁ» ትላላችሁ። ከላይ ነጭ ዱቄት መስሎ የታየው ደርቆ ይሆናል። ከሥር ግን ገና እየያዘ ነው። ውስጡ ያለው ማሟሟያ ተንኖ ማለቅ፣ ፖሊመሩም እርስ በርሱ መያያዝ አለበት። ለዚህ አብዛኞቹ ሲላንቶች ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይፈልጋሉ። አንዳንዶቹ በአንድ ሰዓት ይደርሳሉ፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ዋክስ የራሱ ማሟሟያና ዘይት አለው። ገና ባልያዘ ሲላንት ላይ ስታሹት፣ ባልደረቀ ግድግዳ ላይ ቀለም እንደመቀባት ነው፤ የታችኛውን ታነሱታላችሁ። መኪናዋ ያን ቀን ታምራለች። ከታች ግን የተረፈ ነገር ላይኖር ይችላል፤ ይህ የሚታወቀው ደግሞ ዋክሱ ሲያልቅ ነው።

ጠዋት ጀምሮ ከምሳ በፊት ሁለቱንም መጨረስ የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። ከሰዓት በኋላ ሥራ እንደማይሠራ አውቃለሁ። ስለዚህ ለሁለት ጠዋት ክፈሉት። ቅዳሜ ጠዋት ሲላንት፣ እሁድ ጠዋት ዋክስ።

እዚህ ላይ ድሬ የራሷን ፈተና ታመጣለች። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ካደረች ጠዋት ላይ ስስ አቧራ ለብሳ ታገኟታላችሁ። ያን አቧራ በደረቅ ጨርቅ አራግፎ ዋክስ መቀባት ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው። ፀሐይ ላይ በክብ በክብ የሚታየው የሸረሪት ድር የሚመስል ጭረት የሚመጣው ከእንዲህ ዓይነት ሥራ ነው። የተዘጋ ጋራዥ ያለው ሰው እዚያ ያሳድራት። የሌለው ሲላንቱ የሚፈልገው ሰዓት እስኪሞላ ይጠብቅ፣ ከዚያ በብዙ ውኃ ያለቅልቅ፣ በንጹህ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ያድርቅ፣ ዋክሱን ቀጥሎ ይቀባ። ሰዓቱ ሳይሞላ ማጠብም ራሱ ስህተት ነው። ሐረር ያላችሁ ደግሞ ከድሬ በ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትሉ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ጤዛም አለ። እናንተ ጣራ ያለው ቦታ ፈልጉ፤ ጊዜውንም ወደ 24 ሰዓት ጠጋ አድርጉት።

አብዝቶ መቀባት። ሲላንትም ሆነ ዋክስ ወፍራም ተደርጎ ስለተቀባ ዕድሜው አይረዝምም። ቀለሙን የሚነካው ስስ ሽፋን ብቻ ነው፤ የተረፈውን በጨርቅ ጠርጋችሁ ትጥሉታላችሁ፣ ለመጥረግም ያስቸግራል። መድረሱን ለማወቅ ጣታችሁን አንድ ጊዜ ሳብ አድርጉበት። ጣታችሁ ያለፈበት መስመር ጥርት ብሎ ካበራ ጥረጉ። ከተለወሰ ትንሽ ቆዩ። ጥቁሩን ፕላስቲክና ላስቲክ አትንኩ፤ ዋክስ ሲደርቅበት ነጭ ሆኖ ይቀራል።

የዋክሱን ዓይነት አለማየት ደግሞ ሌላው ነው። «ክሊነር ዋክስ» ወይም «ፖሊሽ ኤንድ ዋክስ» የተባለው ቀለም የሚያጸዳ ማሟሟያ ወይም የሚፍቅ ደቃቅ ዱቄት አለው። ለአሮጌ ቀለም ጥሩ ነው። ትናንት የቀባችሁትን ሲላንት ግን ይልጠዋል። ጽሑፉ ካልገባችሁ ትንሽ ጠብታ በሁለት ጣት መሃል እሹት፤ ደቃቅ አሸዋ ከተሰማችሁ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አንዳንዱ ግን ሳይሻክርም ያጸዳል፤ ስለዚህ የሚያነብ ሰው መጠየቅ ይሻላል።

አዲስ ቀለም የተቀባች መኪና ላይ መቸኮልም አለ። ላሜራ ተስተካክሎ፣ ስቱኮ ገብቶ፣ ሙሉ ቀለም የተቀባች መኪና እንደወጣች ሲላንት አይደረግባትም። ቀለሙ ውስጥ የቀረው ማሟሟያ መውጣት አለበት። በተለምዶ ከ30 እስከ 90 ቀን ይጠበቃል፤ ትክክለኛውን ቀለም ቀቢውን ጠይቁት። እስከዚያ በንጹህ ውኃና በለስላሳ ሻምፖ ማጠብ ይበቃል።

በተቃራኒው ደግሞ ፔጆ 404 ያላችሁ አላችሁ፤ በድሬና በሐረር መንገድ እስካሁን የሚያገለግሉ፣ ክብር የሚገባቸው መኪኖች። የድሮው ቀለማቸው ካልተቀየረ ከላዩ ግልጽ ሽፋን የለውም። ስታሹት ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ቢይዝ አትደንግጡ፤ የሞተው የላይኛው ቀለም ነው የሚለቀው። ግን በቀስታ። እያንዳንዱ ማሸት ከቀለሙ ላይ ይቀንሳል።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት የውኃ ጠብታ ነው። ውኃ ፈሶባት ክብ ክብ ሠርቶ ሲንከባለል «ሲላንቱ አለ» ይባላል። ያ ጠብታ የሚነግራችሁ ስለላይኛው ሽፋን ነው። ዋክሱ ብቻውን ያን ያደርጋል። ደግሞ በእኛ ውኃ ያ ውብ ጠብታ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ክብ ነጭ ምልክት ትቶ ይሄዳል፤ ከቆየም ቀለሙን ይበላል። ስለዚህ ከታጠበች በኋላ በራሷ ትድረቅ አትበሉ፤ ጥረጓት። ትኩስ ምልክት ከሆነ በውኃ የተበረዘ አቼቶ ነክታችሁ ወዲያው በብዙ ውኃ ማለቅለቅ ያስለቅቀዋል። ዋክሱን ሊያሳሳው ስለሚችል በምልክቱ ላይ ብቻ ይሁን።

በኦሞ ማጠብ ሁሉንም ያበላሻል። ኦሞ ቅባት ሊያነሳ የተሠራ ነው፤ ዋክስም ቅባት ነው የሚመስለው። ላቫጆ ስትገቡ የመኪና ሻምፖ ይዛችሁ ግቡ፤ ልጆቹም ቅር አይላቸውም። «ጋሼ፣ ከስር ናፍጣ እንርጭላት?» ካሏችሁ ከላይ ያለውን አካል እንዳይነካ ንገሯቸው። ስፖንጁ መሬት ነክቶ ከነበረ ይታጠብላችሁ።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆማ የምትውል ነጭ ቪትዝ ወይም ታክሲ ዋክስ አያስፈልጋትም። ነጭ ላይ ያ ጥልቀት እምብዛም አይታይም፤ ለስላሳ ዋክስ ደግሞ ሲሞቅ አቧራ ይይዛል። በዋክሱ ፈንታ ሲላንቱን በማግስቱ ድገሙት፤ መጀመሪያ ያመለጣችሁን ቦታ ይሸፍናል። ጥቁር፣ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ላይ ግን ዋክሱ ልፋቱን ይክሳል፤ ለሠርግ መኪና ለምታዘጋጁ ደግሞ ምርጫ የለውም።

ከዚያ በኋላ ዋክሱን በየስድስት ሳምንቱ ገደማ ማደስ ይቻላል፤ ያ ከላይ ስለሚደረብ ሌላ ዝግጅት አይፈልግም፣ ንጹህና ደረቅ ቀለም ይበቃዋል። ሲላንቱን ለማወቅ ግን ጣራው ላይ የእጅ መዳፍ የምታክል ቦታ ምረጡ። ዋክሱን በተበረዘው አልኮል ጥረጉና ውኃ አፍስሱባት። ውኃው ተሰብስቦ ከሮጠ ሲላንቱ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ያቺን ቦታ ብቻ መልሳችሁ ዋክስ ቀቡ። ውኃው ተንጣልሎ ከቀረ ግን ዋክሱን ከመላው መኪና አንስታችሁ ሲላንቱን እንደገና ጀምሩ።