ግቢ ውስጥ መጠጥን ለመከላከል ስንነሳ የምንሠራቸው ስህተቶች

ፍሬሽ ተማሪዎችን አዳራሽ ሰብስቦ የታመመ ጉበት ፎቶ ማሳየት ዛሬም አልቀረም። እባካችሁ ይቅር! ከሃያ ዓመት በኋላ ስለሚመጣ በሽታ የተነገረው ልጅ አጨብጭቦ ይወጣል፤ ቅዳሜ ማታ የሚያስጨንቀው የዶርም ጓደኞቹ ምን እንደሚሉት ነው። ይባስ ብሎ ተናጋሪው «ዘንድሮማ ተማሪው ሁሉ ጠጪ ሆኗል» ይላል። ተማሪዎች ድሮውንም ጓደኞቻቸው የሚጠጡትን አጋንነው ይገምታሉ፤ እኛ ደግሞ መድረክ ላይ ወጥተን ግምቱን እናጸድቅላቸዋለን። የማይጠጣው ልጅ እሱ ብቻ የቀረ ይመስለዋል። ስም የማይጻፍበት መጠይቅ በራሳችሁ ግቢ አስሞሉ። የማይጠጣው ከበለጠ ቁጥሩን ካፌ በር ላይ ለጥፉት፤ ካልበለጠ ተዉት።

የአዳራሹ ሰዓት ለአንድ ለአንድ ውይይት ይዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኦዲት (AUDIT) የተባለ የአጠጣጥ መመዘኛ መጠይቅ 10 ጥያቄ ብቻ ነው፤ ከ40 ነጥብ ውስጥ 8ና ከዚያ በላይ ያገኘ ተማሪ ከአማካሪ ጋር ለብቻው ይነጋገር። ቁጣ አያስፈልግም። «ባለፈው ወር ስንት ክፍል አመለጠህ? ስንት ብር ወጣ?» በሉትና መልሱን ከራሱ አፍ ይስማው። የሚቀንሰውንም መጠን እሱ ይናገር፤ ሁለተኛ ቀጠሮ ሳትይዙ አትሸኙት።

«ስንት ጠጣህ?» ብሎ ማቆም አይበቃም። 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል ይይዛል፤ 45 በመቶ የሆነ አረቄ ግን በ50 ሚሊ ሊትር መለኪያ ወደ 18 ግራም ይጠጋል። ጠላና ጠጅ እንደ ጠማቂው ስለሚለያዩ በምን ዕቃ እንደጠጣ ጠይቁ።

ጫትን መርሳትም አለ። ለፈተና ሲቅም ያመሸ ተማሪ ምርቃናውን በመጠጥ ለመስበር ጨብሲ ይወጣል። ስለ መጠጥ ብቻ የጠየቀ አማካሪ የጉዳዩን ግማሽ ነው የሰማው፤ የጥናትና የእንቅልፍ ሰዓቱን አብሮ ካላስተካከለ መጠጡ ይመለሳል።

ሰክሮ የወደቀውን ብቻ ሳይሆን ተሸክሞ ያመጣውንም ጓደኛ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት የሚያቆም ደንብ ሰው ያስገድላል። ጓደኞቹ ቅጣት ፈርተው ዶርም ይደብቁታል፣ በጀርባው አስተኝተው በሩን ይዘጋሉ። ሆዱ ውስጥ የቀረው መጠጥ ግን ራሱን ከሳተ በኋላም ወደ ደሙ መግባቱን አያቆምም፤ ቢያስመልሰው ትውከቱ ያንቀዋል። ቡናና ቀዝቃዛ ውሃ አያበርዱትም። በዚያ ሌሊት እርዳታ የጠራም የታመመም እንደማይቀጣ በጽሑፍ ይውጣ። የዶርም ተቆጣጣሪ ፕሮክተሮችና የበር ጥበቃዎች ይህን ይወቁ፦ በጎኑ አስተኙት፣ ብቻውን አትተዉት። ተቀስቅሶ ካልነቃ፣ በደቂቃ ከ8 ጊዜ በታች ከተነፈሰ፣ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

የግቢውን በር ተሻግሮ አለማየትም ስህተት ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መጠጥ መሸጥን ይከለክላል፤ አብዛኛው ፍሬሽ ደግሞ 21 አልሞላውም። ከወረዳው ጋር ሆናችሁ በዙሪያችሁ ያሉትን መጠጥ ቤቶች ከዌልካም ፓርቲው በፊት አነጋግሩ፤ ካለፈ በኋላ ብዙም አይጠቅምም።