ቀይ ዶግዉድን ችግኝ ሳትገዙ ለማብዛት

ረድፍ ሙሉ ዶግዉድ ለመትከል አስባችሁ የችግኙ ወጪ ካሳሰባችሁ ይቺን ሞክሩ። የምለው የሰሜን አሜሪካውን አገር በቀል ቁጥቋጦ ነው፤ ቅጠሉ ሲረግፍ ግንዱ ቀይ ሆኖ የሚቀረውን።

ተክሉ ረግፎ ገና ሳያቆጠቁጥ የዓመቱን ለጋ ቅርንጫፎች ቁረጡ። ውፍረታቸው እርሳስ ያህል፣ ርዝመታቸው ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር ይሁን። የታችኛውን ጫፍ ሰያፍ፣ የላይኛውን ቀጥ አድርጉት። አለበለዚያ የቱ ላይ የቱ ታች እንደሆነ ይምታታባችኋል፤ ተገልብጦ የተተከለ ደግሞ አይጸድቅም። ከዚያ ሁለት ሦስተኛውን እርጥብ አፈር ውስጥ ስደዱት። ከላይ ሁለት አንጓ ከታየ በቂ ነው። በቃ፣ ሥር እንዲያወጣ የሚቀባ ዱቄት መድኃኒት ምናምን አያስፈልገውም።

የሚሠራው ለምን መሰላችሁ? ይህ ቁጥቋጦ ጎንበስ ብሎ መሬት የነካ ቅርንጫፉ ሳይቀር ራሱ ሥር ይሰዳል። በዚያ ወቅት ደግሞ እንጨቱ ምግብ ቋጥሯል፤ ውሃ የሚያስጨርስ ቅጠልም የለበትም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ቅርንጫፎቹን ከሁለት ሦስት የተለያዩ ተክሎች ውሰዱ። ከአንድ እናት የመጡት ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ አበባቸው እርስ በርስ በደንብ አይዳቀልም። ነጫጭ ፍሬው ካነሰ ወፎቹ ምን ሊበሉ ይመጣሉ?

ደረቅ ቦታ ላይ ግን አትልፉ። ትልልቅ አበባ ያለው የዛፉ ዶግዉድም በዚህ መንገድ እሺ አይልም። አጋዘንና ጥንቸል ካሉ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሽቦ ከልሉት፤ ለጋውን ጫፍ አይምሩትም።