የበዓል ቅናሽ ብስክሌት፦ ቅናሹ በጥገና እንዳይበላ

በእንቁጣጣሽና በገና ሰሞን በቅናሽ የሚሸጡ አዳዲስ ብስክሌቶች አንዳንዶቹ ከካርቶን ወጥተው በጥድፊያ የተገጠሙ ናቸው። የቡራዩን ወይም የሱሉልታን ዳገት ሳይጨርሱ ፔዳሉ ይላላል፣ የተረፈውም ብር ለጠጋኝ ይሄዳል።

መፍትሔው ዋጋ ከመነጋገር በፊት 15 ቁጥር ቁልፍ ይዞ መሄድ ነው። የግራው ፔዳል የብሎን ጥርሱ ተገላቢጦሽ ስለሆነ የሚጠብቀው ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ሲዞር ነው። ገጣሚው ግራና ቀኙን አቀያይሮ በግድ ካስገባው የክራንኩን (ፔዳሉ የሚታሰርበትን ክንድ) ጥርስ ይልጠዋል፤ ያ ደግሞ በማጥበቅ አይድንም፣ ክንዱ ይቀየራል እንጂ። ስለዚህ ሁለቱንም አስፈትቶ ጥርሱን ማየት፣ ትንሽ ግራሶ ቀብቶ በእጅ ማስጀመር፣ በመጨረሻ በቁልፍ ማጥበቅ። ሻጩ «አይፈታም» ካለ ሌላ ሱቅ ይሻላል።

የፊት ቸርኬውን የሚይዘው ሹካም ተገልብጦ የሚገጠምበት ጊዜ አለ። የላስቲክ ፍሬኑ ክንዶች ከሹካው ፊት እንጂ ከኋላ መሆን የለባቸውም። (ዋጋ ለማስቀነስ ከዚህ የተሻለ ምክንያት አይገኝም።)

ቸርኬውን አሽከርክሮ ከፍሬኑ ላስቲክ ጋር ያለውን ክፍተት ማየት፤ 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢወላገድ ራጂውን (የቸርኬውን ሽቦዎች) በማስተካከል ይቃናል፣ ከ3 ካለፈ ግን ብስክሌቱን ይተው።

ከመነዳሪ (የጎማው የውስጥ ላስቲክ) ሲገዛ ጎማው ላይ የታተመውን ቁጥር ማንበብ ነው፦ 559 የ26 ኢንች፣ 584 የ27.5፣ 622 የ29 ነው።

ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ የክራንኩን ብሎኖችና የማርሹን ገመድ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ አዲስ ገመድ ይረግባል።