ልባችሁ ሲመታ ይሰማችኋል?

ዛሬ ማታ ይቺን ሞክሯት። ቁጭ በሉና እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አሳርፉ። አንገትም ሆነ የእጅ አንጓ እንዳትነኩ! ሰው 35 ሰከንድ ይያዝላችሁ፤ እናንተ የተሰማችሁን ምት ብቻ በልባችሁ ቁጠሩ። ወዲያው ደግሞ ሁለት ጣት አንጓችሁ ላይ አድርጋችሁ ለዚያው ያህል ጊዜ ቁጠሩ። በጣት 40፣ በስሜት 30 ከሆነ ልዩነቱን 10 ለ40 አካፍሉና ከ1 ቀንሱ፦ 0.75። ወደ 1 በቀረበ ቁጥር ጎበዝ ናችሁ። ዘዴውን ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ራይነር ሻንድሪ በ1981 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው፤ እኛ ቤት ግን መሣሪያ ስለሌለ ውጤቱ ግምታዊ ነው።

አደራ፣ እንዳትገምቱ። «ልቤ በደቂቃ 70 ይመታል» ብሎ ሰዓት የቆጠረ ሰው ውጤቱ ያምራል እንጂ ልቡን አልሰማም። ምንም ካልተሰማችሁ ዜሮ በሉ፤ ብዙ ጤነኛ ሰው እንደዚያው ነው።